ስለ ክሪሽና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከህንዳውያን ጋር የሚማሩ፣ የሚሠሩ ወይም የተጎራበቱ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ክሪሽና ማን ነው?

በሂንዱ እምነት ዓለምን ጠብቆ የሚያኖረው አምላክ ቪሽኑ ይባላል። ግፍ ሲበዛና ጽድቅ ሲጠፋ ቪሽኑ መልክ ይዞ ወደ ምድር ይወርዳል ተብሎ ይታመናል። በተለመደው ቆጠራ እንዲህ ያሉት መገለጦች አሥር ናቸው፤ ሰባተኛው ንጉሥ ራማ፣ ስምንተኛው ክሪሽና ነው። በቤንጋልና ክሪሽና ባደገባት በቭሪንዳቫን የሚበዙ ምእመናን ግን ነገሩን ገልብጠው ምንጩ ክሪሽና ነው፣ ቪሽኑም የተገኘው ከእርሱ ነው ይላሉ።

በሥዕል ላይ እርሱን መለየት አያስቸግርም። ሰማያዊ ገላ፣ ቢጫ ልብስ፣ ጸጉሩ ላይ የተሰካ የፒኮክ ላባ፣ ከንፈሩ ላይ ዋሽንት፣ ከጎኑም ላም ካዩ ክሪሽና ነው።

ዋናው ልዩነቱ ግን ሰው ወደ እርሱ የሚቀርብበት መንገድ ላይ ነው። አምላኪዎቹ ጌታችን ብለው ይሰግዱለታል፤ እንደ ልጃቸው ያባብሉታል፣ እንደ ጓደኛ ያወሩታል፣ እንደ ፍቅረኛም ይናፍቁታል። ይህን ያልያዘ ሰው የክሪሽናን አምልኮ ሲያይ ግራ መጋባቱ አይቀርም።

ሰማያዊ የሆነው ለምንድን ነው?

ጥንታዊዎቹ ጽሑፎች የሚገልጹት ጠይም ወይም ጥቁር አድርገው ነው፤ ገላው ዝናብ ያዘለ ደመና ይመስላል ይላሉ። በጋው ምድሩን በሚያቃጥልበት አገር የክረምት ደመና ከሚታዩ ነገሮች ሁሉ የሚያምር ነውና ይህ ትልቅ ውዳሴ ነው። ሠዓሊዎች ያንን የደመና ቀለም ወደ ሰማያዊ ወሰዱት፣ እርሱም ተለመደ። በድዋርካና በናትድዋራ ቤተ መቅደሶች ያሉት ምስሎች ግን ዛሬም ከጥቁር ድንጋይ የተሠሩ ናቸው።

ልደቱ እንዴት ነበር?

ታሪኩ የሚጀምረው ከዴልሂ በስተ ደቡብ ያሙና ወንዝ ዳር ባለችው በማቱራ ከተማ ነው። ካምሳ የሚባል ጨካኝ ገዢ እህቱን ዴቫኪን ሲድር፣ ስምንተኛ ልጇ እንደሚገድለው ከሰማይ ድምፅ ሰማ። ሙሽሪትንና ባሏን ቫሱዴቫን ወህኒ አስገብቶ የሚወልዷቸውን ሕፃናት ተራ በተራ ገደለ። ስድስቱ ሞቱ። ሰባተኛው ባላራማ በተአምር ወደ ሌላ ማሕፀን ተዛውሮ ዳነ።

ስምንተኛው በውድቅት ሌሊት ተወለደ። ዘበኞቹ እንቅልፍ ጣላቸው፣ ሰንሰለቱ ወለቀ፣ በሩም ተከፈተ። አባትየው ሕፃኑን በቅርጫት አድርጎ በራሱ ተሸክሞ በዶፍ ዝናብ ያሙናን ተሻገረ፤ ባለብዙ ራሱ እባብ ሼሻ ከላይ ሆኖ ከለለላቸው። ማዶ ጎኩል በምትባል የከብት አርቢዎች መንደር ያሾዳ የምትባል ሴት በዚያችው ሌሊት ሴት ልጅ ወልዳ ተኝታ ነበር። ቫሱዴቫ ሕፃናቱን ለዋውጦ ተመለሰ። ካምሳ ያቺን ሴት ልጅ ሊገድል ሲያነሳት ከእጁ አምልጣ ወደ ሰማይ ወጣችና ገዳይህ በሌላ ቦታ አለ አለችው።

ልጅነቱ ለምን ይህን ያህል ይወራለታል?

ሂንዱዎች ከሕይወቱ ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ይህንን ክፍል ነው። የንጉሥ ዘር ሆኖ ሳለ ያደገው በእረኞች መካከል፣ ከጥጃ ጋር ሲሯሯጥ ነው። ደግሞም ሌባ ነበር፤ የጎረቤት ቅቤ ይሰርቃል። ሴቶቹ ማሰሮውን ከጣሪያ ቢያንጠለጥሉበት ጓደኞቹን ደራርቦ በላያቸው ወጥቶ ያወርዳል። ያሾዳ አንድ ቀን ከባድ ሙቀጫ ላይ አሰረችው፤ እርሱ ግን ሙቀጫውን እየጎተተ ሁለት ዛፎች ነቀለ። ሌላ ቀን አፈር በላህ ብላ አፉን ብታስከፍተው ከዋክብቱን፣ ባሕሩን፣ ምድሩን ሁሉ፣ ራሷንም ጭምር በአፉ ውስጥ አየች። ደነገጠች፤ ያየችውንም ወዲያው ረሳችና አንስታ አቀፈችው። ለእኔ የዚህ እምነት ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ያሾዳ ፈጣሪዬ ነው ብላ ብትፈራው ኖሮ ልታቅፈው አትችልም ነበር።

ትልቁ የልጅነት ተአምሩ የጎቫርዳን ኮረብታ ነው። የመንደሩ ሰዎች ለዝናብ አምላክ ለኢንድራ መሥዋዕት ሊያቀርቡ ሲሰናዱ ክሪሽና ከብቶቻችንን የሚመግበውን ኮረብታ ብናከብር ይሻላል አላቸው። ኢንድራ ተቆጥቶ የጥፋት ዝናብ አወረደ። ክሪሽናም ኮረብታውን በትንሿ ጣቱ አንስቶ ሰውና ከብቱን ሰባት ቀን ከሥሩ አስጠለለ። ዛሬም ዲዋሊ ከሚባለው የብርሃን በዓል ማግስት ጎቫርዳን ይከበራል፤ ተሳላሚዎችም ከ20 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን ዙሪያውን በባዶ እግራቸው ይዞሩታል። በበዓላት የሚቀርበው የ56 ዓይነት ምግብ ግብርም ከዚሁ የመጣ ነው ይባላል፤ ያሾዳ በቀን ስምንት ጊዜ ታበላው ነበርና የሰባቱ ቀን የቀረበት ሲሰላ 56 ይሆናል።

ራዳ ማን ናት? ሚስቱ ናት?

ራዳ ከባርሳና መንደር የሆነች፣ ክሪሽና በወጣትነቱ የወደዳት ሴት ናት። በአብዛኛው ወግ ሚስቱ አይደለችም፤ ቭሪንዳቫንን ለቆ ከሄደ በኋላ አብረው አልኖሩም። ያም ሆኖ በቤተ መቅደስ ከጎኑ የምትቆመው እርሷ ናት፤ በቭሪንዳቫን ሰዎች ሰላምታ ሲለዋወጡ እንኳ የሚሉት «ራዴ ራዴ» ነው። የክሪሽናን ልጅነት በስፋት የሚተርከው ባጋቫታ ፑራና ስሟን በግልጽ አይጠራም። ዝናዋ የገነነው ባለቅኔው ጃያዴቫ በ12ኛው መቶ ዘመን ስለ ሁለቱ ፍቅር በሳንስክሪት ከጻፈ ወዲህ ነው።

ምእመናን ይህን ፍቅር የሚረዱት ነፍስ ለአምላኳ ባላት ናፍቆት ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን የኖረችው የራጃስታን ልዕልት ሚራባይ ባሌ ክሪሽና ነው ብላ ቤተ መንግሥቱን ትታ ወጣች። መዝሙሮቿ እስከ ዛሬ በመላው ሰሜን ህንድ ይዘመራሉ።

አድጎስ ምን ሆነ? እንዴትስ ሞተ?

ወደ ማቱራ ተመልሶ ካምሳን ገደለ፣ የካምሳን አባት ኡግራሴናንም ወደ ዙፋኑ መለሰ። ጠላት ማቱራን ደጋግሞ ሲያጠቃ ወገኖቹን ይዞ በዛሬዋ ጉጃራት ባሕር ዳር ድዋርካን መሠረተ። ሩክሚኒን አገባ። በታላቁ የኩሩክሼትራ ጦርነት መሣሪያ ሳያነሳ የወዳጁን የጦረኛውን የአርጁናን ሠረገላ ነዳ፤ ውጊያው ሊጀመር ሲል ለአርጁና የነገረው ትምህርት 18 ምዕራፍና 700 ስንኝ ያለው ባጋቫድ ጊታ ነው።

አሟሟቱ ቀላል ነው። ወገኖቹ እርስ በርስ ተጨራርሰው ካለቁ በኋላ በፕራባስ ጫካ ዛፍ ሥር አረፍ ብሎ ሳለ፣ ጃራ የሚባል አዳኝ እግሩን ሚዳቋ መስሎት በቀስት ወጋው። ቀርቦ ሲያይ ወደቀና ይቅርታ ለመነ፤ ክሪሽናም አጽናንቶ ሸኘው። ቦታው በጉጃራት ከሶምናት አጠገብ ባልካ ተብሎ ይሳለማል።

በየቤቱ የሚታየው ትንሽ ምስል ምንድን ነው? ልብስ ለምን ያለብሱታል?

ላዱ ጎፓል ይባላል፤ በአንድ እጁ የጣፋጭ ድቡልቡል ይዞ የሚድህ ሕፃን ክሪሽና ነው። ብዙውን ጊዜ ከነሐስ ይሠራል። ቤተሰቡ እንደ ሕፃን ልጁ ይንከባከበዋል፦ ጠዋት ይቀሰቅሰዋል፣ ያጥበዋል፣ ያለብሰዋል፣ ያበላዋል፣ ማታም ያስተኛዋል። ብርድ ሲገባ የሱፍ ሹራብና ኮፍያ ያደርጉለታል። መንገድ ሲሄዱ ይዘውት የሚጓዙ ወይም ለጎረቤት አደራ የሚሰጡም አሉ።

የሚቀርብለት ምግብ ስጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የሌለበት ነው። ቅቤ በስኳር ዋናው ነው፤ በላዩም ቱልሲ የሚባለው ቅዱስ ተክል ቅጠል ይደረጋል። ሲበስል ማንም አይቀምስም፤ መጀመሪያ የሚቀምሰው እርሱ ነውና። ድሃ ከሆኑም አይጨነቁም፤ በጊታ ክሪሽና ራሱ ቅጠል፣ አበባ፣ ፍሬ ወይም ውኃ እንኳ በፍቅር የሰጠኝን እቀበላለሁ ብሏል። ሱዳማ የሚባለው ድሃ ጓደኛው ወደ ድዋርካ ሲመጣ ይዞት የመጣውን እፍኝ የተቀጠቀጠ ሩዝ አፍሮ ደበቀው፤ ክሪሽና ቀምቶ በላው።

በትልልቅ ቤተ መቅደሶችስ?

ያው እንክብካቤ በሰፊው ይደረጋል። በናትድዋራ ያለው ሽሪናትጂ የሚባለው የክሪሽና ምስል በቀን ስምንት ጊዜ ለሕዝብ ይታያል፤ ሲነሳ፣ ሲለብስ፣ ከብት ሲያሰማራ፣ ሲመገብ፣ ሊተኛ ሲል። በመሐሉ ይዘጋል፤ ያርፋላ። ይህ ምስል የቆመው ጎቫርዳን ላይ ነበር፤ በሙጋሉ ንጉሥ በአውራንግዜብ ዘመን ከጥፋት ለማዳን በሠረገላ ጭነው አወጡትና በ1672 ናትድዋራ አረፈ።

በቭሪንዳቫን ባንኬ ቢሃሪ ቤተ መቅደስ ደግሞ መጋረጃው በየጥቂት ደቂቃው ይዘጋል። አንድ ሰው ፍዝዝ ብሎ ካየው ክሪሽና በፍቅሩ ተማርኮ ተከትሎት ይሄዳል ብለው ስለሚያምኑ ነው። በኦዲሻ ፑሪ ከተማ ጃጋናት በሚል ስም በእንጨት ምስል ይመለካል፤ በየዓመቱ በሰኔ ወይም በሐምሌ ከወንድሙና ከእህቱ ጋር በሦስት ግዙፍ ሠረገሎች ወጥቶ ሕዝቡ በገመድ ይጎትተዋል። ሠረገሎቹ በየዓመቱ አዲስ ይሠራሉ፤ የእርሱ 16 መንኮራኩር አለው።

ልደቱ መቼ ይከበራል? ምን ይደረጋል?

በዓሉ ጃንማሽታሚ ይባላል። የጨረቃ አቆጣጠር ስለሆነ ቀኑ ይለዋወጣል፤ በእኛ አቆጣጠር ብዙ ጊዜ ነሐሴ ውስጥ፣ አንዳንዴም ጳጉሜን ላይ ይውላል። ቀኑን ሙሉ ይጾማል፤ አንዳንዱ ውኃም አይቀምስ፣ ሌላው ፍራፍሬና ወተት ይወስዳል። የተወለደው እኩለ ሌሊት ነውና ያኔ ደወል ይደወላል፣ ዛጎል ይነፋል፣ የሕፃኑ ምስል በወተት፣ በእርጎ፣ በቅቤ፣ በማርና በስኳር ይታጠባል፣ ከዚያም በጌጠኛ የሕፃን አልጋ ተኝቶ ይወዛወዛል። ጾሙም ይፈታል።

በማግስቱ ሙምባይ ውስጥ ወጣቶች እርስ በርስ ትከሻ ላይ ተደራርበው ከፍ ብሎ የተሰቀለ የእርጎ ማሰሮ ይሰብራሉ፤ የቅቤ ስርቆቱ መታሰቢያ ነው። ማማው ዘጠኝ ደርብ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ወድቀው የሚጎዱ ስለበዙ ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዳይሳተፉ ተከልክሏል።

ጾማቸው ከኛ ጾም በምን ይለያል?

የክሪሽና ወዳጆች ከበዓሉ ሌላ በወር ሁለት ጊዜ፣ ጨረቃ በሞላችና በጎደለች በ11ኛው ቀን ኤካዳሺን ይጾማሉ። ለኦርቶዶክስ አንባቢ የሚገርመው ነገሩ ተገላቢጦሽ መሆኑ ነው፦ ወተትና ቅቤ ይፈቀዳል፣ እህልና ጥራጥሬ ግን ክልክል ነው። ስለዚህ ለኤካዳሺ ጿሚ የጾም ምግብ ነው ብለው እንጀራ በሽሮ ቢያቀርቡለት አይበላም፤ ድንች፣ ሙዝና እርጎ ቢያቀርቡለት ደስ ይለዋል።

በየከተማው እየዘመሩ የሚሄዱት ሃሬ ክሪሽናዎች እነማን ናቸው?

መዝሙራቸው 16 ቃላት ያሉት የክሪሽናና የራማ ስም ጥሪ ነው። በጎዳና ላይ ከበሮ ይዞ መዘመርን ያስፋፉት ከ1486 እስከ 1534 የኖሩት የቤንጋሉ ቻይታንያ ናቸው። የዛሬው ድርጅት የተመሠረተው በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው፤ መሥራቹ ፕራቡፓዳ በ69 ዓመታቸው በጭነት መርከብ ተሳፍረው አሜሪካ የገቡት በ1965 ነበር።

ቃል የገቡ አባላት 108 ፍሬ ባለው መቁጠሪያ በቀን 16 ዙር ይደግማሉ፣ ስጋ አይበሉም፣ ቁማር አይጫወቱም፣ ከትዳር ውጭ አይሄዱም፣ የሚያሰክርም ሆነ የሚያነቃቃ ነገር አይወስዱም። ሻይና ቡና ጭምር። ቡና አፍልተው የጠሯቸው እንግዳ እምቢ ቢልዎ ንቀት እንዳይመስልዎ፤ ውኃ ወይም ወተት ያቅርቡለት።

ፕራሳድ ሲሰጡኝ ባልቀበል ይቀየማሉ?

ፕራሳድ ለአምላኩ ቀርቦ የተመለሰ ምግብ ነው፤ ለሰጪው ከምግብነት አልፎ በረከት ነው። በቀኝ እጅ ይቀበሉታል፣ መሬት አይጥሉትም፣ አይተርፍም። መብላት አለመብላቱን እምነትዎ ይወስናል፤ ክርስቲያንም ሙስሊምም ሆነው ለአማልክት የቀረበ አልበላም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እምነቴ አይፈቅድልኝም ብለው በአክብሮት ቢናገሩ አብዛኛው ሰው ይረዳል። የሚያስቀይመው ተቀብሎ ቆሻሻ ውስጥ መጣል ነው።

ሂንዱ ያልሆነ ሰው ቤተ መቅደስ መግባት ይችላል?

በአብዛኛው ይችላል፤ ጫማ ያወልቃል፣ ትከሻና ጉልበቱን ይሸፍናል፣ ፎቶ ከማንሳቱ በፊት ይጠይቃል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለምትኖሩ፣ በዱባይ ጀበል ዓሊ በ2022 የተከፈተውና በአቡ ዳቢ በ2024 የተመረቀው ቤተ መቅደስ ለማንኛውም እምነት ተከታይ ክፍት ናቸው። በማናማ ያለው የሽሪናትጂ ቤተ መቅደስ ደግሞ 200 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው።

የማይፈቅዱም አሉ። የፑሪው ጃጋናትና በኬራላ የሚገኘው ጉሩቫዩር ሂንዱ ያልሆነን አያስገቡም። የክሪሽናን መዝሙር በድምፁ ያስወደደው ታዋቂው ዘፋኝ ዬሱዳስ እንኳ ክርስቲያን በመሆኑ ጉሩቫዩር መግባት ተከልክሏል፤ ይህ በህንድ ብዙዎችን እስከ ዛሬ የሚያሳዝን ጉዳይ ነው። በኡዱፒ ደግሞ ከዝቅተኛ ወገን ነህ ተብሎ የተከለከለው ካናካዳሳ ከውጭ ቆሞ ሲዘምር ምስሉ ፊቱን ወደ እርሱ አዞረ፣ ግድግዳውም ተሰነጠቀ ይላሉ። ዛሬም ምእመናን ክሪሽናን የሚያዩት በእርሱ ስም በሚጠራው መስኮት ነው። ምስሉ ለተከለከለው ሰው መዞሩን እየተረኩ በር መዝጋት እንዴት እንደሚስማማ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል፤ ሂንዱዎችም ራሳቸው ይጠይቁታል።

የሚያመልኩት ምስሉን ነው ወይስ አምላኩን?

ከሠሪው እጅ የወጣ ምስል ገና አይሰገድለትም። ካህናት ሕይወት የማሳደር ሥርዓት ካደረጉለት በኋላ ግን አምላኩ በእርሱ ውስጥ ሊኖር ፈቅዷል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ማስታወሻ ብቻ ነው የሚለው ማለስለሻ የክሪሽና ወዳጆችን እምነት በትክክል አይገልጽም፤ እነርሱ በእውነት እዚያ አለ ብለው ያምናሉ፣ በዚያ ብቻ ግን አይወስኑትም። በሌላ በኩል በ1875 የተመሠረተው አርያ ሳማጅን የመሰሉ የሂንዱ ማኅበራት የምስል አምልኮን ጨርሶ አይቀበሉም።

16 ሺህ ሚስቶች ነበሩት ይባላል፤ እንዴት ነው?

በትረካው ዋና ሚስቶቹ ስምንት ናቸው። ቀሪዎቹ ናራካሱራ የሚባል ግፈኛ አፍኖ ያሰራቸው ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች ናቸው። ክሪሽና ገድሎት ነፃ ሲያወጣቸው፣ በሌላ ወንድ ቤት የቆየች ተብለው ወገኖቻቸው እንደማይቀበሏቸው ነገሩት። እርሱም ክብራቸውን ለመመለስ ሁሉንም አገባቸው፤ በየቤታቸውም በአንድ ጊዜ ይገኝ ነበር ይላል ታሪኩ። ለአማኙ ይህ አምላክ ለእያንዳንዱ ሰው ሙሉ በሙሉ እንደሚገኝ የሚያሳይ ነው።

በእውነት የኖረ ሰው ነው?

ለአማኞች አዎ፤ እንዲያውም ሲያልፍ አሁን ያለንበት የጨለማ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3102 ጀመረ ይላሉ። የታሪክ ምሁራን በእርግጠኝነት የሚናገሩት ስለ አምልኮው ጥንታዊነት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዘመን የባክትሪያው የግሪክ ንጉሥ አጋቶክልስ የቫሱዴቫን፣ ማለትም በአባቱ ስም የሚጠራውን የክሪሽናን ምስል በገንዘቡ ላይ አሳትሟል። በዚያው መቶ ዘመን ማብቂያ ሄልዮዶሮስ የሚባል የግሪክ መልእክተኛ ቪዲሻ አጠገብ ለቫሱዴቫ የድንጋይ ዓምድ አቁሞ ራሱን የእርሱ አምላኪ ብሎ አስጽፏል። ዓምዱ ዛሬም ቆሟል። በድዋርካ ባሕር ውስጥ የተገኙት የድንጋይ ፍርስራሾች ግን ከክሪሽና ከተማ ጋር መገናኘታቸው ገና ያከራክራል።

አምላክ ከሆነ ለምን ተዋጋ አለ? ለምንስ ተንኮል መከረ?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። አርጁና ዘመዶቹንና መምህራኑን ከፊቱ ተሰልፈው ሲያይ ቀስቱን ጣለ፤ ክሪሽና ግን ግዴታህን ተወጣ፣ ፍሬውን አትቁጠር አለው። በጦርነቱ መሐል ደግሞ በጠላት ወገን የተሰለፈው የአርጁና መምህር ድሮና መሣሪያ እንዲጥል ልጅህ አሽዋታማ ሞተ ብለው እንዲዋሹት መከረ፤ የሞተው በዚያ ስም የሚጠራ ዝሆን ነበር። ጦርነቱን የሚተርከው ማሃባራታ ይህን አይሸፋፍንም። በጠላት ወገን ተሰልፈው መቶ ልጆቿ ያለቁባት ጋንዳሪ፣ ማስቆም እየቻልክ ዝም አልክ፣ ወገንህም እንዲሁ ይለቅ ብላ ረገመችው። ክሪሽናም አልተከራከራትም፤ ከ36 ዓመት በኋላ ወገኖቹ ያለቁት በዚህ እርግማን ነው።

የህንድ አሳቢዎችም አልተስማሙበትም። የነፃነት ታጋዩ ቲላክ በእንግሊዞች እስር ቤት ሆኖ ጊታን የተረዳው ለእውነት የመነሣት ጥሪ አድርጎ ነው፤ ክፉን ዝም ብሎ ማየት ራሱ ኃጢአት ነው አለ። ጋንዲ ደግሞ በየቀኑ የሚያነበው ጊታ ስለ ደም መፋሰስ እንዳልሆነ፣ የጦር ሜዳውም የሰው ልብ እንደሆነ አስተማረ። ብዙ ተራ አማኞች ከሁለቱም ይልቅ የሚይዙት ሌላ ነገር ነው፦ የጠላት ወገን መሪ ዱርዮዳና የክሪሽናን ጦር ሲመርጥ አርጁና ያለመሣሪያ የሚመጣውን ክሪሽናን መረጠ፤ እርሱም የወዳጁን ፈረሶች ይዞ እስከ ጦርነቱ መጨረሻ አብሮት ቆየ።